ሳይተረጎምለት የሳቀው አዳራሽ

ጋሽ ይማም መሞታቸውን በአንድ ጠዋት ሁለት ሰው ነገረኝ። የመጀመሪያዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ድምፅ ቀድታ ልካልኝ፣ ፈጅር ሰግጄ ስልኬን ስከፍት አገኘሁት። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን ብላ ጀመረች፤ ቀብራቸው ላይ የወጣውን ሕዝብ ነገረችኝና በመጨረሻ ጣል ያደረገችው ነገር ነበር፦ ሰውየው «እንቆይ» እንዳሉ ሞቱ፣ የእኛ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ከሚሴ ሳለሁ ጎረቤቴ የነበረ ባለሱቅ ነው። እሱም አላህ ይዘንላቸው አለና፣ በዚያች ቀን ባይከዱን ኖሮ ይሄ ሁሉ ንትርክ ባልኖረ፣ የእኛ መስለው የእነሱ ሆኑ ብሎ ጨረሰ።

ሁለቱም ተሳስተዋል።

ስለ ሞተ ሰው አፍን መቆጠብ እየተነገረኝ ነው ያደግኩት። እኔም በተፈጥሮዬ ከመናገር ዝም ማለት የሚቀናኝ ሴት ነኝ፤ እዚህ ዶሃ አብረውኝ የሚሠሩት ከየት እንደመጣሁ እንኳ በደንብ አያውቁም። ምስክርነትን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያች ቀን ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ሆኖ ሰው ሬሳቸውን ወዲህና ወዲያ ሲጎትት ዝም ብል አላህ ፊት ምን እላለሁ? ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ። ያላወቅኩትን አላውቅም።

ከሚሴ ውስጥ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ረጅም በረንዳ ነበር። እኔ እዚያ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያኮርፍ ማተሚያ። ጋሽ ይማም አስተርጓሚ ነበሩ። እሳቸው ዕቃም አልነበራቸው፣ ወንበርም አልነበራቸው። ከአፋር ቆላ የመጣ እረኛ፣ ከደጋ የወረደ ገበሬ፣ ኦሮምኛ ብቻ የምታውቅ ባልቴት፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሹፌር፣ ሁሉም በእሳቸው በኩል ነው ወደ እኔ ጠረጴዛ የሚደርሰው። ችሎትም ሲጠራቸው ይገባሉ።

አስተረጓጎማቸው የተለየ ነበር። ሁልጊዜ የሚቆሙት ከተናጋሪው ጎን ነው፣ ትከሻ ለትከሻ። «እሱ እንዲህ ይላል፣ እሷ እንዲህ ትላለች» ብለው አያውቁም። ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሳቸውም «እኔ» ነው የሚሉት። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ባሏን ልትከስ መጥታ፣ ያ ነጭ ጢማቸው እስከ ደረት የወረደ ሽማግሌ በረንዳው መሀል ቀጥ ብለው ቆመው፣ «እኔ አራስ ሆኜ ሳለ ባሌ ጥሎኝ ሄደ፤ ጡቴ እስኪደርቅ አለቀስኩ» አሉ። መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆመ። ባጃጅ ውስጥ የነበሩ ልጃገረዶች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ከንፈሬን ነክሼ ነው የጻፍኩት። እሳቸው ዓይናቸውን አላርገበገቡም። ሴትየዋ ስትሄድ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ምን ያስቅሻል?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ቃሏ የሷ ነው። እኔ ‹ትላለች› ባልኩ ቁጥር፣ ‹ትላለች እንጂ እውነት መሆኑን እንጃ› እያልኩ ነው። እኔ ማን ነኝ?»

ችሎት ውስጥ የሆነውን ደግሞ ራሴ ባላየውም በዚያ ከነበሩ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ሰምቼዋለሁ። አንድ ነጋዴ ጉዳዩ ሲበላሽበት ተናዶ በአማርኛ ጮኸ፤ ይሄ ጃጅቶ ጆሮው የደነቆረ ሽማግሌ የተረጎመውን አልቀበልም አለ። ጋሽ ይማም ወደ ዳኛው ዞሩና በኦሮምኛ፣ ይሄ ጃጅቶ ጆሮው የደነቆረ ሽማግሌ የተረጎመውን አልቀበልም አሉ። ድምፃቸውን እንኳ በነጋዴው ልክ ከፍ አድርገው ነው አሉ። ዳኛው ፊታቸውን በመዝገብ ሸፈኑ። ነጋዴው ራሱ ሳቀና ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታውንም ተረጎሙት።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ አንድ ዝናብ ባገደን ከሰዓት ነገሩኝ። በወጣትነታቸው ሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበሩ። አንድ አፋር ላም ሊሸጥ መጥቶ፣ ገዢው ደገኛ ስለ ጠባይዋ ጠየቀ። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበርና፣ ይቺ ላም አላቢ ትራገጣለች፣ ሁለት ሰው ጥላብኛለች አለ። ወጣቱ ይማም ግን ገበያው እንዳይፈርስ ብሎ፣ «ወተቷ ብዙ ነው ይልሃል» አለ። ላሟ ተሸጠች። በሁለተኛው ሳምንት ገዢው መጣ፤ ሚስቱ እጇ ተሰብሮ ነበር። ገዢው ግን የመጣው ከአፋሩ ጋር ሊጣላ ነው፤ ዋሸኝ ብሎ። ሁለቱ ዱላ ለዱላ ሲያያዙ ይማም መሀል ገብቶ፣ እሱ አልዋሸህም፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ አለ። የመጀመሪያው ዱላ እሳቸው ላይ አረፈ። ግንባራቸው ላይ፣ ከኮፍያቸው ጠርዝ ሥር፣ ጠባሳ ነበር። «ደላላነት ያን ቀን በቃኝ» አሉኝ። «ለሰላም ብለሽ የምታስቀሪው ቃል፣ የሰው እጅ ሰብሮ ነው የሚመለሰው።»

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከሚሴ የኦሮሞ ዞን ከተማ ናት፤ ዞኑ ደግሞ ያለው በአማራ ክልል ውስጥ ነው። ከዚህ ክልል ወጥተን ወደ ሌላው እንግባ የሚሉ አሉ፤ ባለንበት እንቆይ የሚሉም አሉ። ጥያቄው አሮጌ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ከየቤቱ ወደ አደባባይ ወጣ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ መስጊድ ደጃፍ ጫማ ሲፈለግ ሳይቀር ሰው «አንተ ከየትኛው ነህ?» ይባባል ጀመር። የሚገርመው «እንውጣ» ባዮቹና «እንቆይ» ባዮቹ በቋንቋ አልተከፈሉም ነበር። አማርኛ የሚናገር «እንውጣ» ባይ አውቃለሁ፤ አማርኛ አፏን የሚያስረው «እንቆይ» ባይም አክስቴ ነበረች።

ያንን ሰሞን የመጣው ክፉ ነገር ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሚሰማውን ቋንቋ አልሰማም ማለት ጀመረ። የእኛ አገር ሰው እኮ በአንዱ ጀምሮ በሌላው ነው የሚጨርሰው። በኦሮምኛ «አከም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ ይልሻል፣ ስትመልሺለት ዋጋውን በአማርኛ ይነግርሻል፣ ስትከራከሪው በዐረብኛ ይምላል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ቋንቋውን እንደ እህል ከፈለው። ሠላሳ ዓመት እህል የሸጠችልን እቴቴ ዘሀራ እንኳ፣ በኦሮምኛ ዋጋ ሲጠይቋት «አልሰማሁህም፣ በአማርኛ አርገው» ትል ጀመር። ገዢዎቿም ብልጫ አላሳዩም፤ እንቢ ብለው በምልክት ነበር የሚገዟት። ሁለቱም ወገን መብቴ ነው ይላል።

በዚህ መሀል አንድ የውይይት አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰብስቦ እንዲከራከር፣ ሐሳቡም ተጽፎ ለበላይ አካል እንዲላክ። ለመተርጎም ጋሽ ይማም፣ ለመጻፍ እኔ ተጠራን።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ከሚሴ በጠዋቱም ትግላለች። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ፣ ቤቱ አሚን አለ። ዱዓው በሦስት ቋንቋ ነበር፤ ዱዓ ይተርጎምልን ያለ ሰው አልነበረም። ክርክሩ ሲጀመር ግን የመጀመሪያው ተናጋሪ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ፣ እቴቴ ዘሀራ ከቀኝ በኩል ብድግ አለችና የማልሰማው ቋንቋ ይተርጎምልኝ አለች። ከግራ በኩልም ወዲያው አንዱ ተነሥቶ ለእኛም እንደዚያው አለ። ሰብሳቢው በትሕትና ለጋሽ ይማም ማይኩን ሰጣቸው።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆመው ተረጎሙ። ከአንዱ ጎን ወደ አንዱ ጎን እየተመላለሱ፣ አንዴ «እኔ እንውጣ እላለሁ»፣ አንዴ «እኔ እንቆይ እላለሁ» እያሉ። ላብ በጢማቸው ይወርድ ነበር። ስድቡንም ተረጎሙ፣ ምርቃቱንም ተረጎሙ።

ከዚያ አንድ የገጠር ሽማግሌ ተነሡ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ቀስ ብለው፣ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው። ሚስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ጥዬህ እወጣለሁ እያለች ስትዝትብኝ ኖረች አሉ። ባለፈው ሰልችቶኝ፣ እሺ ውጪ አልኳት። እሷ ደግሞ፣ የት አባቴ ልሂድ፣ ቤቱ የአባቴ ነው፣ አንተ ውጣ አለችኝ። ይኸው ማን እንደሚወጣ እስኪታወቅ ሁለታችንም በሩን ዘግተን ተቀምጠናል፤ ከብቱ ውጭ አደረ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግራውም ቀኙም። ሰብሳቢው ሳቀ። እቴቴ ዘሀራ ከሁሉ ቀድማ ነው የሳቀችው፤ የሻሿን ጫፍ ጎርሳ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ነበር። እኔም እየሳቅኩ በእጄ «ቤቱ ሳቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ጋሽ ይማም ገና አፋቸውን አልከፈቱም ነበር።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሽ ይማም፣ ይተርጉሙ እንጂ።»

«ለማን?»

«ላልሰማው ነዋ።»

ጋሽ ይማም ወደ ቤቱ ዞሩ። «ያልሰማ እጁን ያውጣ» አሉ። በአማርኛ አሉት፣ ቆይተው በኦሮምኛ ደገሙት። አንድም እጅ አልወጣም። እቴቴ ዘሀራ የሻሿን ጫፍ ታጥፍ ነበር። ጋሽ ይማም ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጥተው ውዱእ ሊያደርጉ ሄዱ። ስብሰባው ለሶላት ተብሎ ተበተነ፤ ከሰዓትም አልተመለሰም።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ሰብሳቢው ሁለታችንንም ወደ ጎን ክፍል ጠራን። ለበላይ የሚላከው ሪፖርት ተተይቦ አልቆ ጠበቀን። መቼ እንደተተየበ አላውቅም፤ እኔ ግን አልተየብኩትም። መነጽራቸውን ስላልያዙ ጋሽ ይማም እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፤ በዞኑ ያሉት ነዋሪዎች በቋንቋ እርስ በርስ የማይግባቡ በመሆናቸው ውይይቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአስተርጓሚ ተካሂዷል፤ ይህም አብሮ መቀጠል እንደማይቻል ያሳያል። ከታች የአስተርጓሚው ስምና የፊርማ ቦታ አለ።

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩት።

«ይሄ ሐሰት ነው» አሉ ለሰብሳቢው።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን በቀናነት መመስከር አለብኝ። የሚያምንበትን ነገር በጣም የቸኮለበት ሰው ነው። ወንበሩን ወደሳቸው አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ለሁላችንም የሚጠቅም ነው፣ እርስዎም የሚፈልጉትን አውቃለሁ አላቸው።

«የምፈልገውን መች ጠየቅከኝ? የጠራኸኝ የሰማሁትን እንድናገር ነው።»

ብዙ ለመናቸው። ከዚያ መለመኑን ትቶ፣ ካልፈረሙ ከእንግዲህ የሚጠራዎት መድረክ አይኖርም አለ። ጋሽ ይማም ከዘራቸውን ፈልገው አነሡ። «ሰንበቴ ገበያ አለልኝ» አሉ። «ከብት ፈርምልኝ አይልም።»

እሳቸው ሲወጡ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። ያቺ «ቤቱ ሳቀ» የምትል መስመር ከቃለ ጉባኤው ትውጣ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ቢስሚላህ ብዬ በልቤ፣ «ይሰረዝ ካላችሁ እሰርዛለሁ፤ ግን በማን ትእዛዝ እንደተሰረዘ እጽፋለሁ» አልኩት። በሕይወቴ ደፍሬ ከተናገርኳቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ይኸው ነው። መስመሯ ሳትሰረዝ ቀረች።

በነጋታው የጋሽ ይማም ስም በየቦታው ነበር። «እንውጣ» ባዮቹ ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። «እንቆይ» ባዮቹ ደግሞ ጀግና አደረጓቸው፤ በየመንገዱ ያቅፏቸዋል። ለእሳቸው ይሄኛው ነበር የባሰባቸው። እቴቴ ዘሀራ አንድ ጣሳ ቅቤ ተሸክማ በረንዳው ድረስ መጣች።

«ለምኑ ነው?» አሏት።

«እነዚያን ስላሳፈርክልን ነዋ፣ አያ ይማም። ልካቸውን ነገርካቸው።»

«ያሳፈርኩት አንቺንም ነው። ያን ጠዋት አልሰማም ብለሽ የጮኽሽው አንቺ፤ ስትስቂ ከሁሉ የቀደምሽውም አንቺ።»

እቴቴ ዘሀራ ፊቷ ደም መሰለ። ውለታ የማያውቅ ሽማግሌ ብላ ቅቤዋን ይዛ ሄደች። ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞረው፣ ቅቤው ግን ጥሩ ቅቤ ነበር አሉ።

ኮሚቴው ሌላ አስተርጓሚ ፈለገ። ባቲ ድረስ ሰው ላኩ። ያ ሳቅ ግን ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ይማም ያልተረጎመውን እኔ ብተረጉም የማን መሳቂያ ልሁን እያሉ ሁሉም እምቢ አሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ስብሰባ ያለ አስተርጓሚ ተጠራ። ሰዉ መጀመሪያ ተኮራርፎ ተቀመጠ፤ ቀስ እያለ እንደ ድሮው በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ያዘ። ክርክሩ አልበረደም፤ እንዲያውም ያን ቀን ነው በትክክል የተጋጋለው። ሰው ፊት ለፊት የተሰዳደበው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ይማም ከኋላ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው እያመነታ ዕድል ሰጣቸው። ቆሙና፣ «ዛሬ ቃሉ የራሴ ነው» አሉ። ከዚያ ዝም። የረሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ለአርባ ዓመት ከአንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ለትርጉም ቦታ መተው ለምደዋል፤ አስተርጓሚ እየጠበቁ ነበር።

«ቀጥል አያ ይማም» አለች እቴቴ ዘሀራ፣ ቂሟን ሳትተው። «ሰምተንሃል።»

ቀጠሉ። እኔ እንውጣ ባይ ነኝ አሉ። ከመጀመሪያውም እንደዚያው ነኝ፤ ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም። በቋንቋዬ የተጻፈ ወረቀት ይዤ ወደ ክልሉ ቢሮ ስሄድ፣ ተርጉመህ አምጣ መባል ሰልችቶኛል። በትርጉም እንጀራ የበላሁ ሰው ይህን ስል አይግረማችሁ፤ የሰለቸኝ ስለማውቀው ነው። በመንገድ ያቀፋችሁኝ፣ እቅፋችሁን ውሰዱ።

ቤቱ ተንጫጫ። እቅፋቸውን ከሰጧቸው መሀል አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ሰብሳቢው ከመድረኩ ላይ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ንዴት ብቻ ሳይሆን ሐዘንም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልፈረሙልንም? የእርስዎው ነገር ነበር እኮ።»

«የእኔ ስለሆነ ነው» አሉት። «ጎረቤቴ የምትለው አይገባኝም ብዬ አልወጣም። ይገባኛል። ስትስቅም ስትሰድበኝም ይገባኛል። ገብቶኝ ነው የምወጣው። በሐሰት ወረቀት የሚወጣ ካለ ብቻውን ይውጣ።»

ይኸው ነው። ለአክስቴ ልጅ፦ ጋሽ ይማም «እንቆይ» ብለው አያውቁም፤ በጆሮዬ ሰምቼ በእጄ ጽፌዋለሁ። ለጎረቤቴ ባለሱቅ፦ አልከዷችሁም፤ እምቢ ያሉት ሐሰታችሁን ብቻ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም ይሉኛል፣ ምናልባትም ለረጅም ጊዜ አይቋጭም። የፈለጋችሁትን በሉ፤ መውጣትም መቆየትም የእናንተ ነው። እሳቸውን ግን አትከፋፈሏቸው።

ከዚያ መድረክ በኋላ እንደተባለውም የጠራቸው ስብሰባ የለም። እኔ ከሚሴን ለቅቄ ዶሃ እስክመጣ ድረስ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ይወርዱ ነበር፤ ለአፋሮችና ለደገኞች በነፃ ይተረጉማሉ።

በዚያ ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ግን ገና ተቀምጠው ሳይረጋጉ እቴቴ ዘሀራ ብድግ አለች። ሻሿን ወደ ኋላ ጣለችና በአማርኛ ጀመረች፣ ንዴቱ ሲመጣባት ወደ ኦሮምኛ ገባች።

«ተሳስተሃል አያ ይማም። ከሥር ከመሠረቱ ተሳስተሃል። ልንገርህ።»

«ንገሪኝ» አሏት።

ለዙህር ሶላት አዛን እስኪል ነገረቻቸው። አንዱንም አልተቀበሏትም፤ አንዱም ግን አላመለጣቸውም።